ተለያይተው የተጠየቁት ሁለት ብርሃኖች

ከቆቦ ወደ ዋጃ በአውቶቡስ ስንሄድ ከኋላዬ ለሽምግልና የሚሄዱ አንድ አዛውንትና አንዲት የፊዚክስ ተማሪ ያወራሉ።

«ምስክር ለያይቼ ነው የምጠይቅ። መክረው ከመጡ፣ ያላሰቡትን ስጠይቃቸው ይያዛሉ።»

«ብርሃንም እንደዚያው ይጠየቃል፣ አባባ። መንታ ሆነው የወጡ ሁለት የብርሃን ቅንጣቶችን ተመራማሪዎች ያራርቋቸዋል። ምን እንደሚጠይቋቸው የሚመርጡት ከተለያዩ በኋላ ነው።»

«ተያዙ?»

«አልተያዙም። መልሳቸው፣ መክረው ቢመጡ እንኳ ሊገጥም ከሚችለው በላይ ገጠመ።»

«መንገድ ላይ ተላልከው ይሆናላ።»

«መልእክት የሚደርስበት ጊዜ አልተሰጣቸውም።»

«ታዲያ ምን ተፈረደ?»

«ቢራራቁም አልተለያዩም ተባለ።»

«ሱብሃነላህ። እንዲህ ያለ ምስክር ዛሬ ቢመጣብኝ ምን ብዬ ልፈርድ ነው፣ ልጄ?»

እስከ ዋጃ ድረስ፣ በመስኮቱ ገብቶ ጭኔ ላይ ያረፈውን የፀሐይ ብርሃን፣ መንታው የሆነ ቦታ የሚሰማው መስሎኝ፣ እንዳልነካው እጄን ሰብስቤ ተቀመጥኩ።