ከ«አልቀሰቀስኳትም» በኋላ ያለው መስመር

ቃል ሰጪ፦ ወ/ሮ ኒዕማ ይመር አራጋው
ዕድሜ፦ 46
የትውልድ ቦታ፦ ወሎ፣ ሐይቅ አካባቢ
አድራሻ፦ ካርቱም፣ ካላክላ
ሥራ፦ የቤት ጽዳት፣ አል-ሳሃፋ
የትምህርት ደረጃ፦ አራተኛ ክፍል
ቃሉ የተሰጠበት ቀንና ሰዓት፦ ቅዳሜ ኅዳር 10 ቀን 2015 ዓ.ም.፣ ከጠዋቱ 3፡20 ጀምሮ
ቦታ፦ ካርቱም፣ ዴም፣ ፖሊስ ጽሕፈት ቤት
ማስታወሻ፦ ቃል ሰጪዋ በራሷ እጅ በአማርኛ የጻፈችው ነው። ወደ ዓረብኛ የሚመልሰው አስተርጓሚ ኦመር ነው።

ከላይ ስሜና አድራሻዬ የተገለጸው እኔ፣ ትናንት ዓርብ ኅዳር 9 ቀን ከቀኑ 10 ሰዓት ተኩል ገደማ፣ ዴም በሚገኘው የወጣቶች የጽሑፍ ክበብ አዳራሽ የአቶ ቢኒያም ገብረየስን ኮምፒውተር ሰብረሻል ተብዬ ቃሌን እንድሰጥ ተጠይቄአለሁ። ሰብሬዋለሁ። አልክድም። መርማሪው ሃምሳ አለቃ ረሺድ በአስተርጓሚ ሲጠይቁኝ ነገሩ በአራት መስመር አለቀ። ሴትዮዋ ተናደደች፣ ኮምፒውተር ሰበረች የሚል ሆነ። እንዲህ ከሆነ አልፈርምም፣ በራሴ እጅ ልጻፈው ብዬ ለመንኩ። እጄ ቀርፋፋ እንደሆነም ተናግሬአለሁ። ሃምሳ አለቃው «ያላ ሓጃ፣ ጻፊ፤ እኛ ሻይ እንጠጣለን» ብለው ወረቀት ሰጡኝ።

ሰልሰቢል ተውፊቅ ልጄ ናት። ሌላ ልጅ የለኝም። ካርቱም ተወልዳ ካርቱም አደገች፤ ባለፈው ነሐሴ 19 ቀን በሃያ ዓመቷ በወባ ሞተች። እዚህ ዴም ውስጥ ፎቶ ኮፒ ቤት ትሠራ ነበር። ጠዋት ከካላክላ አብረን ተሳፍረን በአንድ ሃፍላ ነበር የምንመጣው፤ ሃፍላ የምንለው ሚኒባሱን ነው። እኔ አል-ሳሃፋ እወርዳለሁ፤ እሷ እስከ ዴም ትቀጥላለች። መንገድ ላይ ስልኳን አውጥታ ትጽፍ ነበር። ምንድን ነው ስላት ብሎግ ነው አለችኝ። ሰው ሁሉ ከፍቶ የሚያነበው የራስ ደብተር ማለት እንደሆነ አስረዳችኝ። ስሙን «በሃፍላው መስኮት» አለችው። ጀርባው ቢጫ፣ ፊደሉ ቀይ፣ ከላይ በራሷ እጅ የሣለችው ሃፍላ ነበረበት። ይሄ ዓይን ያማል ብላት «ዩማ፣ ሃፍላውስ መቼ ዓይን ሳያም ቀርቶ ያውቃል?» አለችኝ። እናቷን ዩማ ነበር የምትለኝ፤ የዚህ አገር ልጆች እናታቸውን እንደሚጠሩት። ስትጽፍም እንደምትናገረው ነው፤ አማርኛውን ከዓረብኛ ጋር ታደባልቀዋለች። ያሳደግኳት እኔ ነኝ፤ ጥፋት ከሆነ ጥፋቱ የእኔ ነው።

በግንቦት ወር 2014 ዓ.ም. ክበቡ የብሎግ ውድድር አድርጎ ነበር። ዳኛው አቶ ቢኒያም ነው። ልጄ ገጿን አስመዘገበች። ውጤቱን በወረቀት ይዛ መጥታ ሃፍላ ውስጥ አነበበችልኝ። የገጽ አቀማመጥ ከ30 ዘጠኝ፣ ቀለሙ የገበያ ነው። ቋንቋ ከ30 አሥራ ሁለት፣ አማርኛው አልጠራም። ጭብጥ ከ25 አሥራ አንድ፣ ስለ ተራ ነገር ይጽፋል። ማራኪነት ከ15 ዘጠኝ። ድምሩ 41። እኔ አዘንኩ፤ እሷ ግን ትስቃለች።

«ዩማ፣ ተራ ነገር ያለው አንቺን ነው። የጻፍኩት ሁሉ ስላንቺ ነው» አለችኝ።

«ታዲያ ስለ ትልቅ ነገር ጻፊያ!» አልኳት።

«ትልቁ ነገር በዚህ መስመር አይሳፈርም፤ አይቼው አላውቅም» አለች።

ልጄ በሞተች በሦስተኛው ቀን አቶ ቢኒያም ሐዘን ቤት መጣ። ተቀመጠ፣ አለቀሰም። ገጿ እንዲህ ሆኖ መቅረት የለበትም፣ እናስተካክልላትና መታሰቢያ ይሁናት አለኝ። የመግቢያ ቃሉን ጠየቀኝ። እኔ አላውቀውም፤ ከልጄ ጋር ፎቶ ኮፒ ቤት የምትሠራው ፋሪሃ ታውቀው ስለነበር ስጪው አልኳት። አላህ ይስጥልኝ ብዬ እጁን ይዤ እስከ በር ሸኘሁት። ፈቅዳልኛለች ብሎ ከተናገረ ዋሽቶ አይደለም። እኔ አሥራ ዘጠኝ ዓመት የሰው ቤት አጽድቻለሁ። በማጸዳው ቤት ውስጥ የሰው ደብዳቤ ወድቆ ሳገኝ አቧራውን ጠርጌ ጠረጴዛ ላይ አስቀምጣለሁ እንጂ ጽሕፈቱ አያምርም ብዬ ጥዬ አላውቅም። እሱም እንደዚያ የሚያደርግ መስሎኝ ነው።

ከመስከረም 11 ቀን ጀምሮ በልጄ ስልክ ገጿን ማንበብ ጀመርኩ። ከመጀመሪያው ተነስቼ በሥራ ቀን አንድ አንድ ጽሑፍ፣ ሃፍላው ውስጥ። የማነበው ከፊደሉ ሥር ጣቴን እያስኬድኩ ስለሆነ ከዚያ በላይ አልችልም። ቢያልቅብኝም ፈርቼ ነው። በጠቅላላው 58 ነበሩ። ረቡዕ ጥቅምት 16 ቀን ሠላሳ አንደኛውን አነበብኩ። እኔ ሃፍላ ውስጥ ትከሻዋ ላይ ስለተኛሁበት ቀን የጻፈችው ነው። አንብቤ ሳልጨርስ መውረጃዬ ደረሰ፤ የመጨረሻዎቹን መስመሮች እየተገፋሁ በችኮላ ነው ያነበብኳቸው። ነገ ደግሜ አነበዋለሁ ብዬ ስልኩን ከተትኩ።

በማግስቱ ስከፍተው ገጹ ነጭ ሆኗል። የሣለችው ሃፍላ የለም። በፊት 58 ከነበሩት 22 ብቻ ቀርተዋል፤ ሠላሳ አንደኛውም የለም። ስልኩ የተበላሸ መስሎኝ ለፋሪሃ አሳየኋት። የቀሩትም የልጄ አይደሉም። የመጀመሪያው ጽሑፍ «ዩማ የሰው ቤት ታጸዳለች፤ የኛን ቤት ግን እኔ ነኝ የማጸዳው፣ ዩማ ቤት ስትገባ መጥረጊያ ማየት ስለማትፈልግ» ይል ነበር። አሁን «ወላጅ እናቴ በጽዳት ሙያ የተሰማሩ ታታሪ ሴት ናቸው» ይላል። ልጄ በሕይወት ዘመኗ አንቱ ብላኝ አታውቅም። እኚህን ታታሪ ሴት እኔ አላውቃቸውም።

ፋሪሃ ወዲያውኑ ደወለችለት፤ እኔም እንድሰማ ድምፁን ከፍ አደረገችው።

«አቶ ቢኒያም፣ የቀሩት ጽሑፎች የት ገቡ?»

«ደካሞቹን ቀንሰናል፤ ጠንካሮቹ ጎልተው እንዲታዩ።»

«ቀንሳችሁ የት አስቀመጣችኋቸው?»

«ተሰርዘዋል። ምን ያደርጋሉ? አንዳንዶቹ እኮ አሥር መስመር እንኳ አይሞሉም።»

«አንተ ሰውዬ፣ የሞተ ሰው አሥር መስመር ከየት አምጥቶ ይጨምርልህ?» ብላ ዘጋችበት። ከዚያ በኋላ እኔ ሁለት ጊዜ ደወልኩ። አላነሳም።

ትናንት ክበቡ የሁለተኛ ዙር ውጤት ይነግራል፣ ለሰልሰቢልም መታሰቢያ አለ ተብዬ ተጠራሁ። ከቀኑ 9 ሰዓት ተኩል ላይ ከፋሪሃ ጋር ገባሁ። ስድሳ ያህል ሰው ነበር። አቶ ቢኒያም ከኮምፒውተሩ ወደ ግድግዳው ነጭ ጨርቅ እያበራ የየሰውን ገጽ አሳየ፤ የዚህ ቀለሙ ሰከን ያለ ነው፣ የዚያ ዓረፍተ ነገር ረዝሟል እያለ ነጥብ ሰጠ። በመጨረሻ የልጄን ስም ጠራ። በልዩ መታሰቢያ 93 አገኘች አለ። ስለ ታታሪዋ ሴት የተጻፈውን በማይክ አነበበ። ሰው አለቀሰ፣ አጨበጨበም። በሕይወት ሳለች 41 የሰጣት ሰው፣ ከሞተች በኋላ ለራሱ ጽሑፍ 93 ሰጠ። ከዚያ መድረክ ላይ ጠርቶ የምስክር ወረቀት ዘረጋልኝ። አልተቀበልኩትም። እንዲህ ተነጋገርን፦

«ሃፍላ ውስጥ ስለተኛሁበት ቀን የጻፈችውን አንብበውታል?» አልኩት።

«አዎ እናቴ፣ ይመስለኛል።»

«አልቀሰቀስኳትም ካለች በኋላ አንድ መስመር ነበረ። ለምን እንዳልቀሰቀሰችኝ የነገረችበት ነው። እሱ ጠፍቶኛል። ያንን መስመር ይንገሩኝና ወረቀቱን ወስጄ እቀመጣለሁ።»

ወደ ሰዉ ዞሮ ፈገግ አለ። «ሐዘንዎ ይገባናል። ግን ይህን ሁሉ ጽሑፍ ቃል በቃል ማስታወስ...»

«ቃሉን አላልኩም። ሐሳቡን ብቻ።»

ከኋላ አንድ ሰው «ሓጃ፣ በአላህ ይቀመጡ፣ ፕሮግራሙ ይለፍ» አለ። ፋሪሃ «ዝም በል፣ አንተ ምን ተሰረዘብህ?» አለችው።

አቶ ቢኒያም ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብሎ «እውነቱን ለመናገር ያችኛዋ ጭብጥ ስላልነበራት እስከ መጨረሻው አላነበብኳትም» አለኝ። ለእኔ ብቻ ነበር የነገረኝ፤ ማይኩን ግን አላራቀውም።

ኮምፒውተሩን በሁለት እጄ አንስቼ ሲሚንቶው ላይ የጣልኩት ያን ጊዜ ነው። ጨርቁ ባዶ ሆነ። ሰው አልመታሁም። አቶ ቢኒያም ጣቱ የተቆረጠው ስብርባሪውን ሲለቅም ነው። እኔ አልሸሸሁም፤ ፖሊስ እስኪመጣ ወንበር ላይ ተቀምጬ ጠብቄአለሁ።

ዛሬ ከጠዋቱ 2 ሰዓት ተኩል ላይ አቶ ቢኒያም እዚሁ መጥቶ፣ ሁለት መስመር ይቅርታ ይጻፉልኝና ክሴን አነሳለሁ አለኝ። «ጭብጡ ምን ይሁንልዎት?» አልኩት። ወጥቶ ሄደ። ተጸጽተሻል ወይ ተብዬ በመርማሪው ተጠይቄ፣ ለክበቡ ወጣቶች ፕሮግራማቸው ስለተበላሸ አዝናለሁ፣ በኮምፒውተሩ ግን አልተጸጸትኩም ብዬ መልሻለሁ።

ተሰረዘብኝ ያልሽው ጽሑፍ ምን የሚል ነበር ተብዬም ተጠይቄአለሁ። የማስታውሰው ይህ ነው፦

«ዛሬ ዩማ ከጎኔ ተቀምጣ ተኛች። የሳሙና ሽታ አላት፤ የኛ ሳሙና አይደለም፣ የሰው ቤት ሳሙና ነው። ራሷ ትከሻዬ ላይ ነው። ከባድ ነው፣ ዋላሂ። ረክሻው ሁሉ ጡሩምባ ይነፋል፣ እሷ ወይ ፍንክች። አል-ሳሃፋ ደረስን። አልቀሰቀስኳትም።
————————————————————
ሁለት መውረጃ አለፈን። ስትነቃ ሰደበችኝ፣ አባቴንም ጨምራ። ቀጥላ ሳቀች። ኩምሳሪው ሒሳቡን እየሰበሰበ ሁለታችሁም እብድ ናችሁ አለን።»

በመካከሉ ያለውን መስመር በተመለከተ፦ ስጽፍ ቦታውን ባዶ ትቼው ነበር። ሃምሳ አለቃ ረሺድ፣ በቃል ወረቀት ላይ ባዶ ቦታ አይተውም፣ በኋላ ሌላ ሰው ይጽፍበታል፣ ስለዚህ መሰረዝ አለበት ብለዋል። ልጄ ቦታውን ባዶ አላደረገችም፣ እዚያ ላይ ያለ ነገር ነው ብዬ እንዲተዉልኝ ለመንኩ። አስተርጓሚው ኦመርም «ሓጃ፣ በግምት አንድ ነገር እንሙላበትና ይለፍ፤ ምን ልትል ትችላለች? ደክሟት ስለነበር፣ አሳዝናኝ፣ እንዲህ ዓይነት ነገር ነው» አለኝ። እኔም ያሰብኩት ይህንኑ ነው። ሃያ ሦስት ቀን ሙሉ አስቤዋለሁ፤ የማስበው ሁሉ የእኔ ቃል እንጂ የእሷ አይደለም። እንዲሞላ አልፈቀድኩም። ሃምሳ አለቃው እስክሪብቶ ሲያነሱ ግን ለእኔ ይስጡኝ ብዬ ተቀብዬ፣ ከዳር እስከ ዳር በራሴ እጅ አሰመርኩበት። በሁለቱም ጫፍ ፈርሜበታለሁ።

በዚህ ወረቀት ላይ የሰፈረው ያየሁት፣ የሰማሁትና ያደረግሁት ነው። ተነብቦልኝ ሳይሆን ራሴ አንብቤው፣ ማንም ሳያስገድደኝ ፈርሜአለሁ። የማላስታውሰውን አልጻፍኩም።

ቃል ሰጪ፦ ኒዕማ ይመር (ፊርማ)
አስተርጓሚ፦ ኦመር (ፊርማ)
መርማሪ፦ ሃምሳ አለቃ ረሺድ (ፊርማ)
ቃሉ የተጠናቀቀበት ሰዓት፦ ከቀኑ 8፡05