የማትጠፋው የደረጃ መብራት

ኧረ ነይ ግቢ እህትዬ! በሩን መለስ አድርጊው፣ ይበርዳል። ደረጃውን እየዳበስሽ ወጣሽ አይደል? አይዞሽ፣ እኛም ለምደነዋል። አማቴ ደህና ናቸው፤ የእግራቸው ጄሶ ቢከብዳቸውም አሁን ሸለብ አደረጋቸው። ባለቤቴ እዚያ ጥግ ሥራ ላይ ነው፤ መበየጃ ሲይዝ ደግሞ ጆሮ የለውም። እኛ እናውራ።

ስለ አንድ ሰው ልንገርሽ… አታውቂውም። እንዴት ያለ ጭንቅላት መሰለሽ! እኔና አንቺ ያለቀ የባትሪ ድንጋይ እንጥላለን፤ እሱ አይጥልም። ከሪሞቱም ከግድግዳ ሰዓቱም ይለቅምና፣ ሽቦ በትንሽ የብረት ቀለበት ላይ ጠምጥሞ የቀረችውን ጉልበት ጨምቆ፣ ምስር የምታህል ኤልኢዲ የሚሏትን መብራት ያበራል። ከሞተ ነገር ብርሃን ማውጣት ቀላል ነው እንዴ?

ታዲያ የደረጃቸው አምፖል ተቃጠለ። ሚስቱ፣ ያቺ ችኩል፣ አዲስ ገዝታ መጣች። ተቀብሏት መሳቢያ ውስጥ ከተተው! "ታገሺ፣ በአንድ ያለቀ ድንጋይ ዓመት ሙሉ የምትበራ እሠራልሻለሁ" አላት። ሠራም፤ ቃሉን የሚበላ ሰው አይደለም። ግድግዳው ላይ ለጠፋት። ታበራለች ወይ? እንዴታ! ራሷን በደንብ ታሳያለች፤ ደረጃውን ነው የማታሳየው። በየቀኑ ወጥቶ ያያትና ደብተር ላይ ይጽፋል፤ አንደኛ ቀን፣ ሁለተኛ ቀን… ሚስቱ ነፍሰ ጡር ናት፤ ስንተኛ ወሯ ነው ብትዪው ግን መልሶ አንቺን ይጠይቅሻል።

ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል ይባል የለ? በአርባ ሦስተኛው ቀን የሰውየው እናት በጀርባቸው ወረዱ። ስድስት ደረጃ! ልጅ አይደል፣ ደንግጦ ሮጠ። እናቱን ከማንሳቱ በፊት ግን ቀና ብሎ ግድግዳውን አየ… ሲሉ ነው የሰማሁት። ሚስትየዋ በማግስቱ ደብተሩን ብትገልጠው ምን ተጽፏል? "አርባ ሦስተኛ ቀን። ከባድ ንዝረት ነበር። አልጠፋችም።"

ንዝረት ያላቸው እናቱን ነው እኮ! እኔ እንኳ ስሰማ፣ መሳቅ አቅቶኝ አለቀስኩ። ያቺ ሴት ሆዷ ገፍቶ እግሯን ማየት አቅቷታል፤ ቀጥሎ የምትወርደው ማን ትመስልሻለች?

ቀስ ብለሽ ሳቂ፣ ይሰማል… ማለቴ፣ አማቴ ይነቃሉ። ምነው፣ የመበየጃው ጭስ ቆመ? ሥራህን ሥራ የኔ ጌታ፣ የሌላ ሰው ወሬ ነው።

አምፖሉ? እዚያው መሳቢያ ውስጥ ነው… መቼም የሰው ቤት መሳቢያ በምን አውቄ።

ልትሄጂ ነው? በይ ግድግዳውን ይዘሽ ውረጂ። ለዚያ ሰውስ ክፉ አልመኝለትም፤ ብልህ ሰው ነው። ዕድሜውን እንደ መብራቱ ያርዝምለት። የሚወለደው ልጅም ቁርጥ አባቱን ይምሰል፤ እሱ አርጅቶ ደረጃው ሲጨልምበት፣ አጠገቡ ቆሞ ቀን ይቁጠርለት። አሜን በይ እንጂ!

አንተም አሜን በል፣ የኔ ጌታ።