በጥብስ ቤቱ ጸጉር አስተካካዩ በጎድን አጥንት ስለመመታቱ የተሰጠ ቃል

የምስክር መጠሪያ፦ ሰፊዋ (ከተማው የሚያውቃቸው በዚሁ ስም ነው)
ዕድሜ፦ 43
ሥራ፦ ልብስ ስፌት
አድራሻ፦ ከዳቦ ቤቱ ጀርባ፣ ሰማያዊ በር ያለው ቤት
ቃሉ የተሰጠበት ጊዜና ቦታ፦ ሰኞ ጠዋት፣ ፖሊስ ጣቢያ
ጉዳዩ፦ በእጅ ላይ የደረሰ ጉዳት

እኔ ከላይ የተጠቀስኩት ምስክር ማንም ሳያስገድደኝ የሚከተለውን ቃል ሰጥቻለሁ። ተጠርጣሪዋ ወላጅ እናቴ ነች። ተበደልኩ የሚለው ጸጉር አስተካካይ የረጅም ጊዜ ጎረቤታችን ሲሆን ከዚህ በፊት ጠብ አልነበረንም። ለእናቴ የማዳላ እንደሆነ ተጠይቄ፣ አዎ አዳላለሁ፣ ያየሁትን ግን አልቀይርም ብያለሁ።

እናቴ አባቴ ካረፈ ወዲህ እህል አልቀምስ ብላ ቆይታለች። ሐኪም ቤት ወስጃት ምንም በሽታ አልተገኘባትም። ቤት ውስጥ ያልሠራሁላት ነገር የለም፤ አንዴ ትቀምስና ሳህኑን ገፋ ታደርገዋለች። ቀሚሷን ሁለት ጊዜ አጥብቤላታለሁ። ለሦስተኛ ጊዜ ላጥብብ መቀስ ሳነሳ እጄ እምቢ አለኝ። እናቴ ዓይኔ እያየ እያለቀች መሆኑ ገብቶኝ በጣም ፈራሁ። በመሆኑም ባለፈው ቅዳሜ ሰባት ሰዓት ገደማ፣ አልሄድም ብትለኝም፣ ለእኔ ስትይ ብዬ ለምኜ ከገበያው ማዶ ወዳለው ጥብስ ቤት ይዣት ሄድኩ።

የጥብስ ቤቱን ደንብ እንዳስረዳ ስለተጠየቅሁ፣ ጠባሹን ጋሼ ፍም እንለዋለን። ከንጋት ጀምሮ ከሰሉ ፊት ቆሞ ሥጋውን በዝግታ የሚያበስል፣ እጁ የተባረከ፣ ቁጣው ግን አፍንጫው ሥር የሆነ ሰው ነው። ያቀረበው ሳህን ሳይበላ ከተመለሰ ተዋረድኩ ብሎ ከአጠገቡ ከማይጠፋው ባልዲ ፍሙ ላይ ውሃ ይደፋል። የዚያን ዕለት ተራ የያዘው ሁሉ ጦሙን ወደ ቤቱ ይመለሳል። ስለዚህ ከተማው ዘዴ ፈጥሯል፤ መብላት ያቃተው ሰው ሲኖር አጠገቡ የተቀመጠው ሰው፣ ጋሼ ፍም ሳያይ፣ ከሳህኑ እየወሰደ ያግዘዋል። ጸጉር አስተካካዩ በዚህ ሥራ ስሙ የተጠራ ነው፤ ቦርጩም ይመሰክራል።

ያን ቀን ቤቱ ጢም ብሎ ሞልቶ ነበር። መስኮቱ አጠገብ ካለው ረጅም ጠረጴዛ ተቀመጥን፤ ጸጉር አስተካካዩ ከእናቴ በስተቀኝ ነበር። ጋሼ ፍም የጎድን ጥብሱን ራሱ አምጥቶ ከፊቷ አስቀመጠና ወደ ፍሙ ተመለሰ። እናቴ እጆቿን ጭኗ ላይ አድርጋ ሳህኑን ታይ ጀመር። ሰዉ የሚያስበው ስለ ባልዲው ነበር፤ እኔ ግን ስለ ፍሙ ደንታ አልነበረኝም፣ አንድ ጊዜ እንድትጎርስልኝ ብቻ ነበር የምለምነው።

ከቆይታ በኋላ አንዱን ጎድን አነሳች። አሸተተችው፣ ከዚያም ነከሰችው። ታስቀምጠዋለች ብዬ ስጠብቅ አላስቀመጠችም። ጥርሷ ያልደረሰበትን በጣቷ እየፈለቀቀች አጥንቱን ሙልጭ አድርጋ ጋጠችው። ስቡ በአገጯ ሲወርድ እንኳ አልጠረገችውም።

ጸጉር አስተካካዩ ይህን ሁሉ አላየም፤ ዓይኑን ጋሼ ፍም ላይ ተክሎ እስኪዞርለት እየጠበቀ ነበር። ልክ ጠባሹ ጀርባውን እንደሰጠ፣ በለመደው መሠረት እጁን አሾልኮ ከእናቴ ሳህን ሌላኛውን ጎድን ያዘ። በሬ ሆይ ሳሩን አየህና ገደሉን ሳታይ የሚባለው ይኸው ነው። እናቴ በያዘችው አጥንት የእጁን ጀርባ መታችው። ድምፁ በር ላይ ተራ ለሚጠብቁት ሁሉ ተሰምቷል።

እሱም እጁን እያሻሸ፣ «እማማ፣ ላግዝዎት ብዬ እኮ ነው» አላት።

እናቴም «ማን አግዘኝ አለህ? የራስህን ብላ። ይኼ የኔ ነው» አለችው።

አባቴ ከተቀበረ ወዲህ ስለ አንድም ነገር የኔ ነው ስትል ሰምቼ አላውቅም። አለቀስኩ፣ መልሼም ሳቅሁ። ቤቱ በሙሉ ተነሥቶ አጨበጨበ፣ ጠረጴዛ ተደበደበ፤ ጎረቤት ረብሻ ተነሣ ብሎ ለፖሊስ የደወለው ይህንኑ ሰምቶ ነው። ጋሼ ፍም የባልዲውን ውሃ ደጅ ደፍቶ ሲያበቃ ሌላ ከሰል ጨመረ። እናቴ የራሷን ጨርሳ ወደ እኔ ሳህን ዞረች፤ እኔም አልከለከልኳትም።

መትታዋለች ወይ ተብዬ ተጠይቄ፣ አዎ መትታዋለች ብያለሁ። ለማስቆም ሞክሬ እንደሆነ ስጠየቅ፣ አልሞከርኩም ብያለሁ። አጥንቱ ከባድ ነበር ወይ፣ ሥጋስ ነበረበት ወይ ለተባልኩት፣ ቅንጣት ሥጋ አልነበረበትም፤ ይህ ቃል ከሥሩ እንዲሰመርበት እጠይቃለሁ። የጸጉር አስተካካዩ እጅ ማበጡን በዓይኔ አይቻለሁ፣ ከልቤም አዝናለሁ፤ ሊያግዝ እንጂ ሊሰርቅ አለመምጣቱንም አውቃለሁ። የሚያስፈልገውን ይቅርታ ቤቱ ድረስ ሄጄ እጠይቃለሁ። ተጸጽተሻል ወይ ከተባልኩ ግን፣ በፍጹም።

የተጻፈው ሁሉ ተነብቦልኝ ከአፌ የወጣና ያየሁት እውነት ሆኖ ስላገኘሁት፣ አንድም ሳይጨመርበትና ሳይቀነስበት በፊርማዬ አጽንቼዋለሁ።

የምስክር ፊርማ ............
የቃል ተቀባይ ፊርማ ............

የቃል ተቀባዩ ማስታወሻ፦ ምስክሯ የሚጨምሩት ቃል እንዳላቸው ገልጸው የነበረ ቢሆንም፣ ኮሪደር ላይ የተቀመጡት እናታቸው በሩን ከፍተው «ርቦኛል» ስላሉ እዚህ ላይ እንዲያበቃ ጠይቀዋል፤ ተፈቅዷል።