የእትዬ ዘነቡ ነጫጭ ወንበሮች

ከሥራ በኋላ አረፍ ተብሎ የሚጠጣባቸውን የሐረር ቤቶች እየዞርኩ ቴሌግራም ላይ አስተያየት እጽፋለሁ። አንድ ቀን አመሻሽ ላይ ሸዋ በር አጠገብ እትዬ ዘነቡ ግሮሰሪ ገባሁ። ቢራው ጥሩ ቀዝቅዟል፣ ዘፈኑ ግን ጆሮ ይበጥሳል ብዬ ስልኬ ላይ እየጻፍኩ ሳለ ዘፈኑ ቀጥ አለ። እትዬ ዘነቡ ራሳቸው ናቸው ያጠፉት። «የጎረቤታችን የሐጂ ዩሱፍ ባለቤት አርፈዋል። ለቀስተኛው መቀመጫ አጥቶ ቆሟል፤ ወንበር እናድርስላቸው» አሉ። ቀጥለውም፣ «የቢራ ስም ያለባቸውን ተዉ፤ ነጫጮቹን ብቻ!»

ሲጠጣ የነበረው ሁሉ፣ መምህሩም ወታደሩም፣ ብርጭቆውን አስቀምጦ ተነሣ። እኔም የተቀመጥኩበትን ተሸክሜ ተከተልኩ። ሐጂ ቤት ስንደርስ ግን ትንፋሻችን አሳፈረን። ወንበሮቹን ደጅ ደርድረን ልንመለስ ስንል ሐጂ ራሳቸው ወጡ።

«የት ልትሄዱ ነው?»

«ጠጥተናል ሐጂ፤ እንዳናስቀይምዎ ብለን ነው» አልኳቸው።

ዓይናቸው እንባ እንዳቀረረ እጄን ያዙ። «ጎረቤቶቼ አይደላችሁ እንዴ? ወላሂ፣ ዛሬ ብቻዬን አትተዉኝ።»

ገብተን አጠገባቸው ተቀመጥን። ስለ ባለቤታቸው እያነሱ ሲያጫውቱን፣ በሕይወት አይቻቸው ለማላውቃቸው ሴት አለቀስኩ።