ያልወደቀው የኢያሪኮ ግንብ

እስቲ አንድ ጊዜ ጸጥ እንበል። ብርጭቆ የያዛችሁ አስቀምጡት፤ የሚነሳበትን ሰዓት እኔ እነግራችኋለሁ። በሩ ጋ ያለኸው የጥበቃ ወንድማችን፣ ገርበብ አታድርገው፣ ጥርቅም አድርገህ ዝጋው። ጋሼ ብሎን ሰው ሊያመሰግናቸው ሲነሳ "መጣሁ" ብለው እንደሚወጡና እንደማይመለሱ ሁላችንም እናውቃለን። ዛሬ በሽኝታቸው ግን በአንድ በኩል ባለቤታቸው፣ በሌላው በኩል የልጅ ልጆቻቸው ተቀምጠዋል። ተከበዋል።

ጋሼ ብሎን እዚህ የቤተ ክርስቲያናችን የልጆች ክፍል የመጡ ዕለት እኔ መሰላል ላይ ነበርኩ። ለእሑድ ፕሮግራም ግድግዳውን በወረቀት ቢራቢሮ እያስጌጥኩ፣ አፌ ውስጥ ፕላስተር፣ ፀጉሬ ላይ ሙጫ። ከታች ሆነው "አዲሱ የመድረክና የጌጥ ሠራተኛ እኔ ነኝ" አሉኝ። ደስ ብሎኝ አንዲት ሮዝ ቢራቢሮ አቀበልኳቸውና "ይቺን እዚያ ጋ ይለጥፉልኝ" አልኳቸው። ቢራቢሮዋን አገላብጠው አዩዋት። ግድግዳውን በጣታቸው አንኳኩ።

"እስከ መቼ ነው የምትቆየው?"

"እስከ እሑድ ብቻ ነው።"

"እስከ እሑድ ብሎ ነገር የለም" ብለው ወጡ። ሲመለሱ መሰርሰሪያ ይዘው ነው።

ያቺ ቢራቢሮ ያችትና፣ ዞር ብላችሁ እዩዋት። አዳራሹ ከዚያ ወዲህ ሁለት ጊዜ ቀለም ተቀብቷል፤ ቀቢዎቹ ዙሪያዋን ቀብተው ነው የሄዱት። አንደኛውማ ሊነቅላት ታግሎ ታግሎ ሲያቅተው "ከጀርባዋ ቧንቧ አለ እንዴ?" ብሎ ጠየቀኝ።

እንግዶች እንዳይደናገራችሁ ልንገራችሁ። ጋሼ እኛ ጋ ከመምጣታቸው በፊት የድልድይ አናጺ ነበሩ። ጉልበታቸውን ሲያማቸው ሐኪሙ "ቀለል ያለ ሥራ ይፈልጉ" አላቸው። እሳቸውም ቀለል ያለ ሥራ ፈልገው ወደ ልጆች መጡ። ያ ሐኪም ልጆችን አያውቅም ማለት ነው።

ወደ ጨዋታው ከመግባቴ በፊት ግን አንድ ነገር አለ። ዛሬ ስገባ ጋሼ በር ላይ እጄን ያዝ አደረጉና "አደራ፣ የኢያሪኮን ነገር እንዳታነሺው" አሉኝ። "የልጅ ልጆቼ መጥተዋል። አያታችን መሳቂያ ሆኖ ነው ወይ ጡረታ የወጣው እንዳይሉ።" እኔም "እሺ" አልኳቸው። ቤተ ክርስቲያን በር ላይ ቆሜ ዋሸሁ። ጋሼ ይቅር ይበሉኝ፣ ላነሳው ነው። እስከ መጨረሻው ይስሙኝ፣ ከዚያ መውጣት ካማረዎት በሩን እኔው እከፍትልዎታለሁ።

እንግዲህ እኔ ሥራዬ ማቀድ ነው። ልጆቹ ምን የእጅ ሥራ ይሥሩ፣ መድረኩ ምን ይምሰል፣ ማን አንበሳ ይሁን፣ ማን ዳንኤል ይሁን። የማምነው በመቀስ፣ በሙጫና በባለቀለም ወረቀት ነው። ጋሼ ደግሞ በሙጫ አያምኑም። "ሙጫ ሐሳብ ነው፤ ብሎን ግን ውሳኔ ነው" ይሉኛል፣ ብሎኑን በጥርሳቸው እንደያዙ። ጸሎት ላይ እንኳ ከአፋቸው አያወጡትም። ከኋላ ወንበር "እሜ" የሚል ድምፅ ስትሰሙ የኖራችሁ፣ አሜን ማለታቸው ነው።

ለኖኅ ፕሮግራም "ከፊት ለፊት ብቻ የምትታይ አንዲት መርከብ ትበቃናለች" አልኳቸው።

"ስንት ሰው ትጭናለች?"

"አትጭንም ጋሼ፣ ሥዕል ናት።"

"ሥዕል ከሆነች ኖኅ ምን ሊያደርግ ይገባባታል?"

መርከቧ ስትመጣ ሬንጅ ተቀብታ ነው። መጋቢያችን ለጨዋታ ያህል "ትንሳፈፋለች ወይ?" ቢሏቸው ጋሼ ተቀይመው ሰንብተው ነው ያናገሯቸው። ልጆቹ ካልሲያቸው ጠቁሮ ቤታቸው ገቡ፤ እናቶቻቸው እስካሁን እኔን ነው የሚያኮርፉት። የሰሎሞንን ዘውድማ ያደረገው ልጅ ዘውዱን እንዳደረገ ተኝቶ፣ ዘውዱን እንዳደረገ ትምህርት ቤት ሄደ። አስተማሪው "አውልቀው" ቢለው "መፍቻ ይፈልጋል" አለው።

ባለቤታቸው ራሳቸውን እየነቀነቁ ነው። እትዬ፣ ይፍረዱን። እሳቸው ቤት የፎቶ ፍሬም አቧራ ለመጥረግ መፍቻ ይፈለጋል። ባለፈው ደግሞ እንግዳ መጥቶ ወንበር ልሳብ ቢል ወንበሩ ከወለሉ ጋር ታስሯል። "ይወዛወዝ ነበር" አሉ ጋሼ።

ጎልያድን ግን ማንም አይረሳውም። ከጣውላ ቆርጠው፣ ጥርሱን ሠርተው፣ እግሩ ላይ የበር ማጠፊያ ገጠሙለት። የዳዊት ጠጠር ግንባሩን ነካ ስታደርገው ቀስ ብሎ፣ እንቅልፍ እንዳሸነፈው ሰው፣ ወደ ኋላ ፍራሹ ላይ ጋደም ይላል። ገመዱን ሲስቡት ደግሞ ይነሳል። ልጆቹ በሙሉ ዳዊት ሆኑ። ሁለት አያቶችም ተሰልፈው ዳዊት ሆነዋል። ይህን ጎልያድ ያዙልኝ፣ እመለስበታለሁ።

አሁን ኢያሪኮ።

ዕቅዱ የእኔ ነበር፣ ቀላል ነበር። ባዶ ካርቶን እንሰበስባለን፣ ልጆቹ ድንጋይ አስመስለው ይቀቡታል፣ እንደረድረዋለን፣ ግንብ ይሆናል። ትልልቆቹ ልጆች የእስራኤል ሠራዊት ሆነው ይዞራሉ። ትንንሾቹ ውስጥ ገብተው የኢያሪኮ ሕዝብ ይሆናሉ፤ ሰባት ጊዜ እስኪዞሩ ሽንታቸው ይመጣላ። በሰባተኛው ዙር መለከት ይነፋል፣ ይጮኻል፣ ግንቡ ይወድቃል፣ ወላጅ ያጨበጭባል፣ ብስኩት ይበላል። ቅዳሜ ተለማመድን፣ ግንቡ እንደ ምኞቴ ዱብ ዱብ አለ። ጋሼም "ጥሩ ነው፣ ለነገ እኔ እደረድረዋለሁ" አሉ።

እሑድ ሠራዊቱ ሰባት ዙር ዞረ። ከካርቶን ጥቅል የተሠራው መለከት ተነፋ። ልጆቹ ጮኹ። እኔ በማይክሮፎን "ግንቡም ወደቀ" አልኩ። ግንቡ ቆሟል። ምናልባት አልሰሙኝ ይሆናል ብዬ ድምፄን ከፍ አድርጌ ደገምኩት፣ ግንብ ይሰማ ይመስል። ምንም የለም። መጋቢያችን ድንገት የነኩት መስለው በትከሻቸው ገፋ አደረጉት፤ ትከሻቸውን ይዘው ወንበራቸው ላይ ተመለሱ። የመዘምራን መሪው ሊገፋው ሄዶ ተደገፈው፣ ተመቸው መሰለኝ እዚያው ቀረ። ኢያሱ የሆነው ልጅ ግራ ሲገባው ሠራዊቱን ስምንተኛ ዙር አስጀመረ። ከዚያ ዘጠነኛ። ከዚያ በኋላ መቁጠር ተውኩ። እናቱ መሀል ገብታ ጫማውን አወለቀችለት። አንድ አባት ሲቀርጽ የስልኩ ባትሪ አለቀበትና ቻርጀር ሰክቶ ቀጠለ።

ከግንቡ ውስጥ ሳቅ ይሰማኛል። እኛ ውጭ ሆነን ላብ በላብ ሆነናል፣ እነሱ ይንከተከታሉ። በመጨረሻ የኢያሪኮ በር ተከፈተና ዘውዱ ጆሮው ላይ የወረደ የኢያሪኮ ንጉሥ ብቅ አለ። "ምን ሆናችሁ ነው የምትዞሩት?" አለን። "ግቡ እንጂ።"

ሠራዊቱ ገባ። ብስኩቱንም የኢያሪኮ ሰዎች ውስጥ ደብቀውት ኖሯል፣ ከእስራኤል ልጆች ጋር ተካፍለው በሉት። በሚቀጥለው እሑድ መጋቢያችን ስብከታቸውን የጀመሩት በእርማት ነው። "ባለፈው ሳምንት እዚህ ካያችሁት በተለየ" አሉ፣ "ግንቡ ወድቋል።"

ልናነሳው ስንሄድ እያንዳንዱ ካርቶን ውስጥ ጣውላ አለ፣ ጣውላው እርስ በርሱ ታስሯል፣ ሁሉም ደግሞ ከወለሉ ጋር ታስሯል። ስለዚህ ይኸው ከጀርባዬ አለ፣ ዣንጥላ እናስቀምጥበታለን። ጣሪያውን ሊመረምር የመጣ መሐንዲስ ዞሮ ዞሮ አየውና "የመሬት መንቀጥቀጥ ከመጣ ልጆቹን ኢያሪኮ አስገቧቸው" ብሎን ሄደ።

ከዚያ ወዲህ ምን እንዳደረግናቸው ታውቃላችሁ። አልከፈት ያለ መሳቢያ "የጋሼ ብሎን ሥራ ነው።" አላልቅ ያለ ስብሰባ "ጋሼ ብሎን አስረውት ነው።" አዲስ ሠራተኛ ሲመጣ ከመጸዳጃ ቤቱ በፊት የምናሳየው ግንቡን ነው። እኔ ራሴ አንድ ቀን "ጋሼ፣ ምን ነክቶዎት ነው?" ብያቸው "የሚወድቅ ነገር ሠርቼ አላውቅማ" አሉኝ፣ ፈገግ ብለው። አመንኳቸው።

ሰሞኑን ይህን ንግግር ሳዘጋጅ ለልጄ አነበብኩላት። ያኔ ከኢያሪኮ ሕዝብ አንዷ ነበረች፤ አሁን ዩኒቨርሲቲ ገብታለች፣ ያችትና እዚያ አቀርቅራለች። ኢያሪኮ ጋ ስደርስ እኔ በሳቅ ልሞት ነው፣ እሷ ጥርሷን አልከፈተችም።

"እማዬ፣ ይህን አታንብቢው።"

"ለምን?"

"ቃል ገብተናል።"

"ለማን?"

ክፍሏ ገብታ የዚያን ጊዜዎቹን የኢያሪኮ ሰዎች አንድ በአንድ ደወለችላቸው። ስትወጣ "ፈቅደዋል" አለችኝ። አንዱ ብቻ አሻፈረኝ ብሎ ኖሯል፣ በድምፅ ብልጫ ተሸነፈ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ቅዳሜ በልምምዱ ያ ግንብ ዱብ ዱብ ያለው ውስጥ ባሉት ላይ ነው። ባዶ ካርቶን ስለሆነ ማንም አልተጎዳም። እነሱ ግን ደንግጠዋል፣ እኛ እያጨበጨብን ነው። ከዚያ ከመድረኩ ጀርባ ተሰብስበው ለእሑድ ሆዳቸውን ሊያማቸው ይመካከራሉ። ሁሉንም ሆዱን ካመመው ይነቃብናል ብለው፣ አንዱን ጆሮውን እንዲያመው መድበውታል። ጋሼ ካርቶን ሲለቅሙ ሰሟቸው። ያንን የታመመ ጉልበት አጥፈው አጠገባቸው ቁጢጥ አሉ።

"ምን ሆናችሁ?"

"ግንቡ ሲወድቅ እኛስ?" አለች ልጄ።

ከመካከላቸው ማንበብ የሚችለው ልጅ ደግሞ ምዕራፉን ጨርሶታል። "ከወደቀ በኋላም ምን እንደምንሆን ተጽፏል" አላቸው። የከተማው ሰው በሰይፍ ማለቁን ነው፤ እዚያ ጋ ስንደርስ ሁላችንም ገጹን ገለጥ አድርገን የምናልፈው ነገር ነው። ልጅ ግን አያልፍም።

"አይወድቅም" አሏቸው ጋሼ።

"መጽሐፉ ይወድቃል ይላል።"

"መጽሐፉ እውነቱን ነው። የእናንተን ግንብ የምሠራው ግን እኔ ነኝ።"

"ቢገፉትስ?"

"ይግፉት።"

"መጋቢው ቢገፉትስ?"

"ትከሻቸውን ያማቸዋል።"

ለማንም እንዳይናገሩ ቃል አስገቧቸውና መፍቻቸውን ሊያመጡ ሄዱ።

ጎልያድን ያዙልኝ ብያችሁ ነበር። ያንን የሚያህል ጎልያድ እንደ ሕፃን ያስተኛ ሰው ባዶ ካርቶን መጣል አቃተው ሲባል፣ ሁላችንም አመንን። አንዳችንም "እንዴት?" አላልንም። እሳቸውም አብረውን ሳቁ። "ልጆቹ ፈርተው ነበር" የምትል አንዲት ቃል ቢናገሩ ሳቁ በቆመ ነበር። ግን ልጆቹ ፈሪ እንዳይባሉ ብለው ነው፤ ለእነሱ የመጣውን ሳቅ ራሳቸው ተቀበሉት።

ጋሼ፣ ያን እሑድ ጠዋት ልጄ ሆዷን ሳያማት፣ ልብሷን ለብሳ፣ ከእኔ ቀድማ በሩ ላይ ቆማ "እንሂድ እንጂ" ስትለኝ ነበር። ለምን እንደሆነ ያወቅኩት ገና ባለፈው ሳምንት ነው። አመሰግንዎታለሁ። ከሁሉም የሥራ ባልደረቦቼ እርስዎን አብልጬ ነው የምወድዎት፤ የቀራችሁት ቅር አይበላችሁ። ከሰኞ ጀምሮ ያለ እርስዎ መሰላል ላይ መውጣት ያስፈራኛል፣ ይህንን ሳልደብቅ ነው የምነግርዎት።

እናንተ የልጅ ልጆች ደግሞ ስሙኝ። አያታችሁ የሚወድቅ ነገር መሥራት አሳምረው ያውቃሉ። አንድ ጊዜ ብቻ እንቢ አሉ። ነገ ትምህርት ቤት ሰው ቢጠይቃችሁ እንደዚያ ብላችሁ መልሱ።

የጥበቃ ወንድማችን፣ አሁን በሩን ክፈተው። እንዳያችሁት አልተነሱም።

እንግዲህ ብርጭቆ ይነሳ። ለጋሼ ጉልበት ምሕረት፣ ለእትዬ ትዕግሥት፣ ረጅም ዕድሜ ደግሞ ለሁለታችሁም አንድ ላይ። ቤታችሁ ውስጥ ሁልጊዜ አንድ የሚወዛወዝ ነገር አይጥፋ፤ እሳቸው ሥራ ከሚፈቱ እትዬ አንድ ወንበር ደብቀው ያላሉላቸው።

የኢያሪኮ ሰዎች፣ የት ናችሁ? ከኋላ ያላችሁትም፣ ከሥራ በቀጥታ የመጣኸውም፣ ልጅ ያቀፍሽውም። አንቺም ልጄ፣ ቀና በይ። ቁሙ፣ ይዩአችሁ።

ጋሼ፣ ሕዝብዎ ይኸውልዎት። አንድም ሰው አልጎደለም። ለጤናዎ።