ባትሪ የበላው ካርድ

ከቢቸና ወደ ሞጣ በአውቶቡስ ስንሄድ ከኋላዬ አንድ ወጣት ኮምፒውተር ታቅፎ ተቀምጧል። አጠገቡ የተቀመጡ አንዲት እናት ዝም አላሉትም።

«ልጄ፣ ይኼን ተሸክመህ የት ነው?»

«አክስቴ ዘንድ፣ እማማ። የእህቴን ሠርግ ቪዲዮ በቴሌቪዥን ላሳያት። እናቴም ታማ ሠርጉ አምልጧት ነበር፤ ትናንት አየችው!»

«መብራት ሳይኖር?»

«በሶላር ባትሪ! መጀመሪያ ግን ሙሽራዋ ልትወጣ ስትል ድርግም አለብን። ለጌም የገዛሁት ግራፊክስ ካርድ ነው ጉዱ። ሥዕል ያሳምራል፣ ግን ባትሪ ይበላል።»

«በላተኛ በለው!»

«ነቀልኩት! ለፊልም ኮምፒውተሩ ራሱ ያለው ሥዕል ማሳያ ይበቃል። ባትሪውን ሞልተን ከፈትነው፤ እስከ መጨረሻው ታየ!»

«እናትህስ?»

«ከአልጋዋ ተነስታ እልል አለች!»

«እሰይ! እስቲ ሠርጉ እንዴት እንደነበር ከመጀመሪያው ንገረኝ።»

ጉንደ ወይን ላይ መውረድ ሲገባኝ ወሬውን ልስማ ብዬ ሳልወርድ አለፍኩ።