ንግሥቷን የሰጠው ወንድማችን

ነይ ሰገነት፣ እዚህ አጠገቤ ተቀመጪ። መስኮቱ አልዘጋ ይላል እንጂ ወንበሩስ ደህና ነው። ወይ የእንጦጦ ብርድ! ጠዋት ኪዳነ ምሕረትን ተሳልመን ስንወጣ ጣቶቼ አልታጠፍ ብለውኝ ነበር። አንቺ ደግሞ ከካራ እስክትመጪ ታክሲው ፈጀብሽ፣ አይደል? ሾፌሩ የቀሩትን የክለብ ልጆች እየጠበቀ ነው፤ ላምበረት እስክንደርስ እናውራ። ጋቢና የተቀመጠ ሰው ቢሰማንስ ምን አለበት? የምናወራው ስለ ቼዝ ነው...

ምን እንዳመለጠሽ! አሠልጣኛችን አቶ ጎበና ትልቁን ሰሌዳ ባሕር ዛፉ ላይ ሰቅለው እንቆቅልሽ አቀረቡልን። ነጭ ተጫውቶ ያሸንፋል፤ እንዴት? "ቀድሞ የፈታ፣ የክፍለ ከተማው ቡድን ውስጥ የቀረችውን አንዲት ቦታ ይወስዳል" አሉ። ሁሉም ሰሌዳው ላይ አፈጠጠ! በላይነህ እንኳን ማስቲካውን ማኘክ አቆመ።

ያ የነፃነት እጮኛ ደግሞ... ስሙን ልጠራልሽ ነበር፣ ዝናው ይበቃዋል ብዬ ተውኩት... ከጎኗ ተቀምጧል። ሲያስብ አይተሽው ታውቂያለሽ? ግንባሩን ቋጠር፣ ሻርፑን መለስ፣ አገጩን ደገፍ... ፎቶ አንሺው አንሺው ይላል! ነፃነት እንደምታውቂያት ሰው ፊት መናገር ሞቷ ነው። ወደ ጆሮው ጠጋ ብላ፣ "ንግሥቷን ከጥቁሩ ንጉሥ አጠገብ አስቀምጣት፤ ከዚያ..." ስትለው ከኋላቸው ሆኜ ሰማሁ። "ከዚያ" ያለችውን ሳትጨርስ ወንድማችን ብድግ! "አገኘሁት!" አለ። ፍጥነቱ! እኔ እንዲህ ፈጥኖ የሚያስብ ጆሮ በሕይወቴ አላየሁም።

ሄዶ ንግሥቷን አስቀመጠ። አጨበጨብንለት። ንግግርም አደረገልን፣ "ትልቅ ተጫዋች መሥዋዕትነት አይፈራም" ብሎ። እውነቱን እኮ ነው፤ ሌላ ሰው ያገኛትን ንግሥት መስጠት ምን ያስፈራል?

አቶ ጎበናም በጥቁሩ ግንብ ንግሥቷን በሏትና፣ "ጎበዝ ልጄ! ከዚህ በኋላስ?" አሉት።

ከዚህ በኋላማ... ነፋሱ ደስ ይል ነበር። ሰሌዳውን አየ፣ ዛፉን አየ፣ አዲስ አበባን ቁልቁል አየ። ትሕትናው! ጠፍቶት ነው ትያለሽ? እኔስ ለሌላው ዕድል ሊሰጥ ነው ብዬ ነበር። በመጨረሻ ዞሮ ነፃነትን አየ።

ተነሣች። ፈረሱን አንሥታ አስቀመጠችና፣ በዚያች ቀጭን ድምፅዋ፣ "ቼክ ሜት። ንጉሡን የገዛ ሰዎቹ ከበውታል፤ መውጫ የለውም" አለች። አለቀ! አቶ ጎበና ባርኔጣቸውን አወለቁላት።

የወንድማችን ደግነት የታየው ይሄኔ ነው። ሌላ ወንድ ቢሆን አፍሮ አንገቱን ይደፋ ነበር። እሱ ግን በሁላችን ፊት ትከሻዋን ቸብ ቸብ አድርጎ፣ "እኔ ነኝ እኮ ያሠለጠንኳት" አለ። ይታይሽ! ቼዝ ያስተማሯት አባቷ ይመስሉኝ ነበር... ለካስ እሱ ነው፣ ገና ሳይተዋወቁ።

ነፃነት ቀና ብላ አየችው። "ታዲያ ከንግሥቷ በኋላ ያለውን ለምን አንተ አልተናገርከውም?" አለችው። ጮክ ብላ እኮ! ያቺ አጠገብሽ ሆና ስትናገር ድምፅዋ የማይሰማሽ ልጅ! እሱም ሳቀ። ጥሩ ሳቅ ነበር፣ የሚያግዘው ታጣ እንጂ።

"ቦታዋ የነፃነት ናት" አሉ አቶ ጎበና። እሷም ከሳቸው ጋር በእግሬ እወርዳለሁ ብላ ቀረች። "እጠብቅሻለሁ" ቢላት፣ "አትጠብቀኝ" አለችው። ለዛሬ ይሁን ለሁልጊዜ፣ እኔ ሃኒ ምን አውቃለሁ? ቀለበቷንም አላየሁም፤ ብርድ ነው፣ ጓንት አድርጋለች። እሱ ደግሞ የተባለውን የሚሰማ ልጅ ነው፤ ይኸው ሳይጠብቃት ጋቢና ገብቶ ተቀምጧል።

ምነው ትጎነትዪኛለሽ? ድምፄን ልቀንስ? ለምን ብዬ? ሰው ሲመሰገን በሹክሹክታ ነው እንዴ?

ሠርጉ ለጥር ነበር የተባለው... ነው ማለቴ ነው። ከልቤ ነው የምመርቀው፤ እግዜር ትዳሩን ያሙቅለት፣ ቤቱን በልጆች ይሙላለት... ልጆቹንም አንድ ሳያስቀር በእናታቸው ያውጣለት።